ሎርድ ኬልቪን፦ ቴሌግራፍን በልኬት ውቅያኖስ ያሻገሩ ሳይንቲስት

በአህጉራት መካከል የሚመላለሰው የስልክ፣ የኢንተርኔትና የባንክ መረጃ እጅግ አብዛኛው ክፍል የሚተላለፈው በሳተላይት ሳይሆን በባሕር ወለል ላይ በተዘረጉ ገመዶች አማካይነት ነው። የባሕር በር የሌላት አገራችንም ከተቀረው ዓለም ጋር የምትገናኝበት የመረጃ መስመር ጅቡቲን በመሳሰሉ ጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ከእነዚሁ ገመዶች ጋር ይቀላቀላል። ዓለምን ያስተሳሰረው ይህ መረብ መሠረቱ የተጣለው ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በፊት በቴሌግራፍ ዘመን ሲሆን፣ ለመሠረቱ መጽናት ከፍተኛ ድርሻ ካበረከቱት ተመራማሪዎች መካከል በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ዊልያም ቶምሰን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ኬልቪን በብዙዎች ዘንድ የሚታወቁት በስማቸው በተሰየመው የሙቀት መለኪያ ነው። በመገናኛ መረብ ምሕንድስና ያበረከቱት አስተዋጽኦ ግን ከዚህ የሚተናነስ አይደለም። በተለይም ከፍተኛ ገንዘብ የሚፈስበት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ማጥናትና መለካት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የሕይወት ታሪካቸው በግልጽ ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዊልያም ቶምሰን ሰኔ 26 ቀን 1824 በአየርላንድ ቤልፋስት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ጄምስ ቶምሰን የሂሳብ መምህር ነበሩ። እናታቸው በሞት የተለዩአቸው ገና የ6 ዓመት ልጅ ሳሉ በ1830 ሲሆን፣ አባታቸው በ1832 በስኮትላንድ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ፕሮፌሰር ሆነው በመሾማቸው ቤተሰቡ ኑሮውን ወደዚያው አዛወረ። የልጆቻቸውን ትምህርት ራሳቸው ይከታተሉ የነበሩት አባት ዊልያምን በ10 ዓመት ዕድሜያቸው በዩኒቨርሲቲው አስመዘገቧቸው።

ወጣቱ ቶምሰን በ16 ዓመታቸው ፎሪየር የተባሉት ፈረንሳዊ የሂሳብ ሊቅ ስለ ሙቀት መተላለፍ የጻፉትን መጽሐፍ አነበቡ። ይህ ንባብ በኋላ ዘመናቸው ለሠሩት የቴሌግራፍ ጥናት ቁልፍ ሆኖ አገልግሏል። በ1841 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፒተርሃውስ ኮሌጅ ገብተው በ1845 በሂሳብ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ። ከዚያም ወደ ፓሪስ በመሄድ በጥንቃቄ በተሞላ የልኬት ሥራቸው ታዋቂ በነበሩት በፕሮፌሰር ሬኞ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠሩ። በሂሳብ የሰለጠነው አእምሯቸው ከመለኪያ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው በዚህ ጊዜ ነበር።

በ1846 ገና በ22 ዓመት ዕድሜያቸው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ፍልስፍና ማለትም የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚህ መንበር ላይ ለ53 ዓመታት ቆይተዋል። በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አገልግሎት የማይሰጥ አንድ የወይን ጠጅ ማከማቻ ምድር ቤት ተረክበው ተማሪዎች በእጃቸው የሚለኩበትና የሚፈትኑበት ቤተ ሙከራ አደረጉት። ይህም በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች ለፊዚክስ ተማሪዎች ከተከፈቱት ቤተ ሙከራዎች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። በ1848 በስማቸው የሚጠራውን ፍጹም የሙቀት መለኪያ ሐሳብ አቀረቡ።

በዚያን ጊዜ የየብስ ቴሌግራፍ በአውሮፓና በአሜሪካ በፍጥነት በመስፋፋት ላይ ነበር። በ1851 በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው ጠባብ ባሕር ላይ የተዘረጋው ገመድ ጥሩ አገልግሎት በመስጠቱ፣ አውሮፓን ከአሜሪካ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በኩል ለማገናኘት ዕቅድ ተነደፈ። ይሁን እንጂ በባሕር ሥርና በመሬት ውስጥ በተቀበሩ ረጃጅም ገመዶች ላይ አንድ እንግዳ ችግር መታየት ጀመረ። በአንደኛው ጫፍ በአጭሩና በግልጽ የተላከ ምልክት በሌላኛው ጫፍ የሚደርሰው ዘግይቶና ተንዛዝቶ፣ ተከትሎት ከሚመጣው ምልክት ጋር ተደበላልቆ ነበር።

ቶምሰን ይህን ችግር በ1854 መመርመር ጀምረው በ1855 የጥናታቸውን ውጤት አሳተሙ። ጥናቱን ለመረዳት አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ማሰብ ይበቃል። የዘንጉ አንድ ጫፍ እሳት ውስጥ ሲገባ ሌላው ጫፍ ወዲያውኑ አይግልም፤ ሙቀቱ በመንገዱ ያለውን ብረት እያሞቀ ቀስ በቀስ ይጓዛል። በባሕር ሥር ያለ ገመድም እንዲሁ ነው። በውስጡ የመዳብ ሽቦ፣ በሽቦው ዙሪያ ጉታ ፐርቻ የተባለ የዛፍ ሙጫ ሽፋን፣ ከሽፋኑ ውጭ ደግሞ የባሕር ውሃ አለ። የተላከው ኤሌክትሪክ ወደፊት ከመጓዙ በፊት ይህን ረጅም ዕቃ መሙላት አለበት። ለሚቀጥለው ምልክት ቦታ ለመልቀቅም መልሶ መራገፍ ይኖርበታል። ፎሪየር ለሙቀት ያወጡት ስሌት ለገመዱም እንደሚሠራ ቶምሰን አሳዩ።

ከስሌቱ የወጣው መደምደሚያ ለባለሀብቶች የሚያስደስት አልነበረም። የምልክቱ መዘግየት የሚጨምረው በገመዱ ርዝመት ልክ ሳይሆን በርዝመቱ ካሬ ነው። ይህም ማለት አንድ ገመድ ከሌላው 10 ጊዜ ቢረዝም መዘግየቱ 100 ጊዜ ይጨምራል። መፍትሔውም በዚያው ስሌት ውስጥ ተመልክቷል። የመዳብ ሽቦው እንዲወፍርና ንጹህ እንዲሆን፣ የሽፋኑም ውፍረት አብሮ እንዲያድግ ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የገመዱን ዋጋ ከፍ ያደርጋል።

የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ በ1856 ሲቋቋም 350 ሺህ ፓውንድ ካፒታል ያሰባሰበ ሲሆን፣ የብሪታንያ መንግሥትም የጦር መርከብ ለማሰለፍና በየዓመቱ 14 ሺህ ፓውንድ ለመክፈል ቃል ገብቶለት ነበር። የኩባንያው ዋና የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆነው የተሾሙት ዋይልድማን ዋይትሃውስ በሙያቸው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ ስለ ቴሌግራፍ የሚያውቁትን በራሳቸው ሙከራ ያገኙ ሰው ነበሩ። የቶምሰንን ሕግ በአደባባይ በመቃወም ቀጭን ሽቦ እንደሚበቃና ምልክቱን ለማሻገር ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት መጠቀም እንደሚያስፈልግ ተከራከሩ። የኩባንያው ኃላፊዎች ገንዘብ የሚቆጥበውንና ሥራውን የሚያፋጥነውን ሐሳብ መረጡ።

ቶምሰን በዚያው ዓመት መጨረሻ የኩባንያው የቦርድ አባል ሆነው ሲመረጡ ገመዱ በቀጭኑ ልክ ታዝዞ ነበር። ሥራው ለሁለት ፋብሪካዎች ተከፋፍሎ የተሰጠ ሲሆን፣ ቁጥጥሩ የላላ በመሆኑ አንደኛው የውጪውን የብረት ሽቦ ወደ ቀኝ፣ ሌላኛው ወደ ግራ ጠምዝዞ አቀረበ። ሁለቱ ግማሾች በውቅያኖስ መካከል ሲገናኙ እርስ በርስ እንዳይፈታቱ ልዩ ማያያዣ ማበጀት አስፈለገ።

ንድፉን መቀየር ያልቻሉት ቶምሰን ወደ ቤተ ሙከራቸው ተመልሰው በገበያ ላይ ያለውን መዳብ መለካት ጀመሩ። በዓይን ሲታዩ ምንም ልዩነት የሌላቸው የመዳብ ሽቦዎች ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅማቸው እጅግ የተራራቁ ሆነው ተገኙ። የአንዳንዱ አቅም ከሌላው በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር። ይህ ውጤት ሲታወቅ በኋላ የተሠራው ገመድ መዳቡ አስቀድሞ እየተፈተነ እንዲገዛ ተደረገ። ዛሬ በየግዥ ሰነዱ ላይ የምናየው የጥራት መስፈርትና የፋብሪካ ፍተሻ በኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚህ ዓይነቱ ሥራ በኋላ ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው እጅግ ደካማ የሆነውን ምልክት ማንበብ የሚችል መሣሪያ መሥራት ነበር። በ1858 የፈጠራ መብት ያወጡበት ባለ መስተዋት ጋልቫኖሜትር አሠራሩ ቀላል ነው። ጥቃቅን ማግኔቶች በጀርባው የተለጠፉበት ትንሽ መስተዋት በሐር ክር ተንጠልጥሎ በሽቦ ጥቅል መካከል ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ በጥቅሉ ውስጥ ሲያልፍ መስተዋቱ በመጠኑ ይዞራል። ከመብራት የመጣው ጨረር በመስተዋቱ ላይ ነጥሮ ራቅ ብሎ በተቀመጠ ማስመሪያ ላይ ስለሚያርፍ በዓይን የማይታየው ንቅናቄ ጎልቶ ይታያል። የብርሃኑ ነጥብ ወደ አንዱ ጎን ሲሄድ አንድ ምልክት፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ሌላ ምልክት ይሆናል። ጨረር ክብደት የሌለው ጠቋሚ በመሆኑ ሠራተኛው ምልክቱ እስኪጠነክር ሳይጠብቅ ገና ሲጀምር ያነበዋል።

ገመዱን የመዘርጋቱ ሙከራ ነሐሴ 1857 ተጀመረ። ዋይትሃውስ በጤና ምክንያት ወደ ባሕር እንደማይሄዱ በማስታወቃቸው ቶምሰን ያለ አንዳች ክፍያ አጋሜምኖን በተባለችው መርከብ ተሳፈሩ። 600 ኪሎ ሜትር ያህል ከተዘረጋ በኋላ የመልቀቂያው ፍሬን ከመጠን በላይ በመጥበቁ ገመዱ ተበጥሶ ሰጠመ። በሰኔ 1858 በተደረገው ጉዞ መርከቧ ከባድ ማዕበል ገጥሟት ከመስጠም ለጥቂት ተረፈች፤ ገመዱም ደጋግሞ ተበጠሰ። በመጨረሻ ነሐሴ 5 ቀን 1858 አየርላንድና በሰሜን አሜሪካ የምትገኘው ኒውፋውንድላንድ ደሴት በገመድ ተገናኙ።

በሁለቱም አህጉራት ደስታው ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡካናን የላኩት 98 ቃላት ያሉት መልእክት ተላልፎ ለማለቅ 16 ሰዓት ወስዷል። ዋይትሃውስ በየብስ ሆነው 2 ሺህ ቮልት የሚገመት ግፊት በሚያመነጩ ትላልቅ መሣሪያዎች ይጠቀሙ ነበር። ቀድሞውንም በአሠራርና በአያያዝ ጉድለት የደከመው የገመዱ ሽፋን በዚህ ግፊት ይበልጥ ተጎዳ። መልእክቶቹ ሊነበቡ የቻሉት በዋይትሃውስ መቀበያ ሳይሆን በቶምሰን ጋልቫኖሜትር እንደነበር በኋላ ታውቋል። ኩባንያው ዋይትሃውስን ከሥራ ቢያሰናብትም ጊዜው አልፎ ነበር። ገመዱ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸጥ አለ።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ እንኳ ገመዱ ለመንግሥት ሥራ ያለው ጥቅም ታይቷል። በህንድ የተነሳው አመጽ እየበረደ በመሄዱ ከካናዳ ሊጓጓዙ የነበሩ ሁለት ክፍለ ጦሮች ባሉበት እንዲቆዩ በገመዱ በተላከ ትእዛዝ የብሪታንያ መንግሥት 50 ሺህ ፓውንድ ያህል ወጪ አድኗል። በመሆኑም ጥያቄው የባሕር ሥር ቴሌግራፍ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚል አልነበረም፤ ለምን እንደሚበላሽ ማወቅ ነበር።

ጥያቄውን ይበልጥ አንገብጋቢ ያደረገው በቀይ ባሕር የደረሰው ኪሳራ ነው። ከስዌዝ በሱዋኪንና በኤደን አድርጎ ወደ ህንድ እንዲደርስ በ1859 እና በ1860 የተዘረጋው ገመድ ክፍሎቹ በየተራ እየተበላሹ እንደ አንድ ሙሉ መስመር ሳያገለግል ቀረ። የብሪታንያ መንግሥት ለዚህ ኩባንያ ዋስትና ሲገባ ገመዱ መሥራት አለበት የሚል ግዴታ በውሉ ውስጥ ባለማስገባቱ ግምጃ ቤቱ ለማይሠራ መስመር በየዓመቱ 36 ሺህ ፓውንድ ለ50 ዓመታት ለመክፈል ተገደደ።

ከእነዚህ ውድቀቶች በኋላ መንግሥትና የአትላንቲክ ኩባንያው በጋራ ያቋቋሙት አጣሪ ኮሚቴ በርካታ ባለሙያዎችን ጠይቆ፣ ናሙናዎችንም አስፈትኖ በ1861 ሪፖርቱን አቀረበ። እስከዚያ ጊዜ ከተዘረጋው ከ11 ሺህ ማይል የሚበልጥ የባሕር ሥር ገመድ ውስጥ ይሠራ የነበረው 3 ሺህ ማይል ያህሉ ብቻ እንደነበር ተረጋገጠ። ቶምሰንም ለኮሚቴው ቃላቸውን ሰጥተዋል። የኮሚቴው መደምደሚያ በገመድ ንድፍ፣ በማምረት፣ በመፈተንና በመዘርጋት ረገድ ተገቢው ጥንቃቄ ከተደረገ ሥራው ሊሳካ እንደሚችል የሚያረጋግጥ ነበር።

ለመፈተን ግን ሁሉም የሚስማሙበት መለኪያ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ሽቦ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታበትን መጠን እያንዳንዱ መሐንዲስ በራሱ መስፈሪያ ይለካ ስለነበር አንዱ የደረሰበትን ውጤት ሌላው ማመሳከር አይችልም ነበር። በ1861 በቶምሰን አነሳሽነት የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የኤሌክትሪክ መለኪያዎችን የሚወስን ኮሚቴ ሰየመ። እንደ ማክስዌልና ጄንኪን ያሉ ምሁራን የተሳተፉበት ይህ ኮሚቴ ዛሬ ኦም ለምንለው መለኪያ መሠረት ጣለ። በ1881 በፓሪስ የተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ኦምን፣ ቮልትንና አምፔርን ሲያጸድቅ ቶምሰን ከዋነኞቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበሩ።

የጋራ መለኪያ መኖሩ በባሕር ላይ ወዲያውኑ ጥቅም ሰጠ። የአንድ ኪሎ ሜትር ሽቦ የመግታት መጠን አስቀድሞ ከታወቀ፣ ገመዱ ሲበላሽ ከዳርቻ ሆኖ እስከ ብልሽቱ ቦታ ያለውን መጠን በመለካትና በማካፈል ርቀቱን መገመት ይቻላል። የጥገና መርከብም መላውን ውቅያኖስ ከማሰስ ይልቅ ወደተገመተው ስፍራ ታመራለች።

ቶምሰን በ1860 መጨረሻ ገደማ በበረዶ ላይ ሲጫወቱ ወድቀው እግራቸው በመሰበሩ ከዚያ በኋላ እያነከሱ ይሄዱ ነበር። ይህ ግን ከባሕር ጉዞ አላገዳቸውም። በ1865 ግሬት ኢስተርን በተባለችው ግዙፍ መርከብ አዲሱን የአትላንቲክ ገመድ ለመዘርጋት በአማካሪነት ተሳፈሩ። የቀድሞው ገመድ ሽቦ በአንድ የባሕር ማይል 48 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን የአዲሱ 136 ኪሎ ግራም ያህል ነበር። ይህም ቶምሰን ከ10 ዓመት በፊት ያመለከቱትን አቅጣጫ የተከተለ ነው። የጉዞው አብዛኛው ክፍል ከተጠናቀቀ በኋላ በሽፋኑ ላይ የተገኘ ጉድለት ለመጠገን ገመዱ ሲጎተት ተበጥሶ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥልቀት ውስጥ ሰጠመ።

በተከታዩ ዓመት የተደረገው ሙከራ ግን ተሳካ። ሐምሌ 27 ቀን 1866 ገመዱ ኒውፋውንድላንድ ደረሰ። መርከቧም ወደ ኋላ ተመልሳ ባለፈው ዓመት የሰጠመውን ገመድ ከውቅያኖሱ ወለል በመንጠቆ አውጥታ ቀጠለችው። በአንድ ጊዜ ሁለት መስመሮች ተገኙ። ላቲመር ክላርክ የተባሉት መሐንዲስ ሁለቱን ገመዶች በአሜሪካ በኩል አገናኝተው፣ በልብስ ስፌት ጊዜ ጣት ላይ በሚጠለቅ ትንሽ የብር ቆብ ውስጥ ጥቂት አሲድና የዚንክ ቁራጭ በመጨመር በሠሩት ባትሪ ምልክት አሻግረው መልሰው ተቀበሉ። ከ8 ዓመት በፊት 2 ሺህ ቮልት ያበላሸውን ሥራ አሁን ከጣት ጫፍ በማትበልጥ ባትሪ ማከናወን ተቻለ። አዲሱ መስመር ሲጀመር በደቂቃ 8 ቃላት ያህል ያስተላልፍ ነበር።

በዚያው ዓመት ቶምሰን የሰር ማዕረግ ተሰጣቸው። በ1867 ደግሞ ሲፎን ሪከርደር የተባለውን መሣሪያ ፈጠሩ። ይህ መሣሪያ በቀጭን የመስተዋት ቱቦ ጫፍ ቀለም በወረቀት ጥብጣብ ላይ እየረጨ መልእክቱን በራሱ የሚመዘግብ በመሆኑ፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ የብርሃን ነጥብ ሲከታተሉ ዓይናቸው ይደክም ለነበረ ሠራተኞች ትልቅ እፎይታ ሆነ። መልእክቱም በጽሑፍ ስለሚቀር ስሕተት ሲፈጠር መልሶ ማመሳከር ተቻለ። ከእነዚህ የፈጠራ መብቶች ያገኙት ገቢ ባለጸጋ አድርጓቸዋል።

በ1852 ያገቧቸው ባለቤታቸው ማርጋሬት ለረጅም ጊዜ ታመው በ1870 ሲሞቱ ቶምሰን ላላ ሩክ የተባለች የሸራ ጀልባ ገዝተው ብዙ ጊዜያቸውን በባሕር ላይ ማሳለፍ ጀመሩ። ከዚህ ልምዳቸው በመነሳት ለብረት መርከቦች የሚስማማ ኮምፓስና በቀጭን ሽቦ የባሕርን ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ሠርተዋል። በ1873 ለሌላ የገመድ ሥራ ሲጓዙ በማዴይራ ደሴት ከተዋወቋቸው ፍራንሲስ ብላንዲ ጋር በ1874 ጋብቻ ፈጸሙ። ከሁለቱም ትዳር ልጅ አልወለዱም።

ቶምሰን የማይሳሳቱ ሰው አልነበሩም። የምድርን ዕድሜ ከሙቀቷ ተነስተው ሲያሰሉ በመጨረሻ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመት እንደሆነ ገምተዋል። ዛሬ የሚታወቀው ግን 4 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ስሌታቸው ትክክል ቢሆንም የምድር ውስጠኛው ክፍል ሙቀት የሚያስተላልፈው እንደ ጠጣር ድንጋይ ብቻ ነው የሚለው መነሻቸው አልተለካም ነበር። የቴሌግራፍ ሕጋቸውም ለዘገምተኛ ምልክት የሚሠራ እንጂ ለስልክ የሚበቃ አልነበረም። ይህን ጉድለት የሞላው ኦሊቨር ሄቪሳይድ የተባለ፣ መደበኛ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የሌለው የቀድሞ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነው። ብዙዎች ያላዳመጡትን የሄቪሳይድን ሥራ ቶምሰን በ1889 የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነው ባሰሙት ንግግር በይፋ ዕውቅና ሰጥተውታል። በወጣትነታቸው የሥልጣን ባለቤት ያልሰማቸው ሰው በእርጅናቸው ያልተሰማውን ሰው መስማታቸው ለዚህ ታሪክ ተገቢ ተከታይ ነው።

በ1892 ባሮን ኬልቪን በሚል ማዕረግ ወደ ሎርዶች ምክር ቤት ሲገቡ በሳይንስ ሥራቸው ለዚህ ክብር የበቁ የመጀመሪያው ሰው ሆኑ። ስሙ የተወሰደው በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ከሚፈሰው ወንዝ ነው። በ1899 ከፕሮፌሰርነት በጡረታ ሲለዩ በዚያው ዩኒቨርሲቲ በተመራማሪ ተማሪነት እንደገና ተመዘገቡ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1907 በ83 ዓመታቸው በስኮትላንድ ላርግስ በሚገኘው ቤታቸው አርፈው በለንደን ዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያን ከአይዛክ ኒውተን አጠገብ ተቀብረዋል።

ዛሬ በባሕር ሥር የተዘረጉት ገመዶች በመዳብ ፋንታ የብርሃን ጨረር የሚያስተላልፉ የመስተዋት ክሮች ይዘዋል። ገመድ ሲበጠስ ግን ባለሙያው አሁንም ከዳርቻ ሆኖ ይለካል፤ የብርሃን ምት ልኮ ነጸብራቁ የሚመለስበትን ጊዜ በመቁጠር ብልሽቱ የደረሰበትን ርቀት ያውቃል። መሣሪያው ቢለወጥም አሠራሩ ያው ነው።

በ1856 የኩባንያው ኃላፊዎች ፊት ሁለት ሰነዶች ቀርበው ነበር። አንደኛው ርካሽና ፈጣን ተስፋ ሲሆን፣ ሁለተኛው ውድ ነገር ግን በጥናት የተደገፈ ስሌት ነበር። የመጀመሪያው ተመርጦ ገመዱ በሳምንታት ውስጥ ጠፋ፤ ሁለተኛው ሥራ ላይ እስኪውል ደግሞ 10 ዓመት ባከነ። የመሠረተ ልማት ዕቅድ የሚያዘጋጁ፣ ውል የሚፈራረሙና ግዥ የሚያጸድቁ ሁሉ ከኬልቪን ሕይወት የሚወስዱት ትምህርት ቢኖር ለፍተሻና ለጥናት የሚመደበው ጥቂት ገንዘብና ጊዜ ከኋላ የሚመጣውን ከባድ ኪሳራ የሚያስቀር መሆኑን ነው።